ትራስ የመሰለው ፊደል

ጥጤ ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማል፤ ስትቆጣም ሰፈሩ ይሰማል። ዝም ያለችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የልጅ ልጇ በስልክ አይታት እየጮኸች የሸሸች ዕለት።

እንዴት ሆነ መሰላችሁ? ልጇ ለትምህርት ብሎ ቻይና ሄደ። ትምህርቱ አለቀ፣ ሥራ ያዘ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። ጥጤ የልጅ ልጇን በፎቶ ነው ያሳደገቻት። ጥርስ ስታወጣ በፎቶ፣ ስትድህ በፎቶ፣ ቦርሳ አዝላ አንደኛ ክፍል ስትገባም በፎቶ። በኋላ ልጇ ፊት ለፊት የሚያሳይ ስልክ ላከላትና አንድ እሑድ ደወለ። የጥጤን ነገር ታውቃላችሁ፤ ባታውቁም አሁን እወቁት። አገሩ ሩቅ ስለሆነ በደንብ መጮኽ አለብኝ ብላ፣ ባላት ጉሮሮ ሁሉ «የኔ እናት! የኔ ዓለም! የኔ ጌጥ!» አለች። ጩኸቱ አልበቃ ብሏት ደግሞ ልትስማት ስልኩን አፏ ላይ ለጠፈችው። እዚያ ማዶ ያለችው ምስኪን ልጅ ያየችው ምንድን ነው? በር የሚያህል አፍ፣ ከነወርቅ ጥርሱ! ኡኡ ብላ ከሶፋው ጀርባ ገባች። ከዚያ ወዲህ ጥጤ በደወለች ቁጥር ከሶፋው በላይ የፀጉሯ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው።

«ዓይነ አፋር ሆና ነው እኮ፣ እማዬ» ይላታል ልጇ።

«እኔን ልታታልል ነው? ፈርታኝ ነው!» ትለዋለች።

ጥጤ የሚሏት ትራስና ፍራሽ ሰፊ ስለሆነች ነው። ሱቋ ጠባብ ክፍል ነው፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጥጥ ነው። ፀጉሯ ላይ ጥጥ፣ ቅንድቧ ላይ ጥጥ፣ ሻይ ስትጠጣ ሻይዋ ውስጥ ጥጥ። የሰው አሮጌ ፍራሽ ትፈታለች፣ የተጋገረውን ጥጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ በዱላ ትወቅጠዋለች፣ እንደገና ሞልታ ክንድ በሚያህል መርፌ ትሰፋዋለች። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ ናት። እኩዮቿ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እሷ መርፌ ይዛ ቀረች፤ ስለዚህ ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠረችም። ይህንን ደግሞ አትደብቅም። ደረሰኝ የሚያሳያት ሰው ከመጣ «አንብብልኝ፣ የኔ ዓይን ጥጥ ነው የለመደው» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ያልፋል። እንዲያው ግን፣ የሚጽፍ ሰው ካየች ሥራዋን አቁማ እጁን ትመለከታለች። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ይህን አይቶባታል፤ ያ ሰውዬ የማያየው ነገር የለም።

ስለ ጫማ ሰፊው ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልመለስ። ሱቁ ከእሷ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ምላሱ ከወስፌው ይሾላል። ሲሰዳደቡ ይውላሉ፤ አንዱ ቢታመም ግን ሁለቱም ሱቅ አይከፈትም።

እንግዲህ አንድ ቀን ልጇ ደወለና «እማዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሦስታችንም እንመጣለን» አላት። ጥጤ እልልታዋን አቀለጠችው። ጫማ ሰፊው እሳት የተነሣ መስሎት አንድ እጁን ጫማ ውስጥ እንደከተተ ሮጦ መጣ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ልጄ ሊመጣ ነው! ልጅቷን ይዟት ሊመጣ ነው!»

ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ጫማው በመካከላቸው ወደቀ። ደስታው ሲበርድላት ግን ጥጤ ክምር ጥጥ ላይ ተቀመጠችና ፊቷ ጠቆረ።

«ምነው? ቅድም እልል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ብትፈራኝስ?» አለች። «መጥታ፣ እናቷ ቀሚስ ሥር ተወሽቃ ከርማ፣ ሳላቅፋት ብትመለስስ? በስልክ ይሻለኝ ነበር እኮ። በስልክ ቢያንስ ርቀቱ ነው እላለሁ።»

ጫማ ሰፊው ስድቡን ትቶ፣ የወደቀውን ጫማ አንሥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። እንዲህ ሲሆን ሰው አይቶት አያውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥጤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ያቺ ልጅ በገዛ እግሯ መጥታ እቅፏ ውስጥ ትግባላት፣ ሌላው ሁሉ ይቅርባት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጇ አንድ ፎቶ ላከላት። የልጅቷ ደብተር ነው። ገጹ በትንንሽ ቤቶች ተሰምሯል፤ በየቤቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ተሥሏል፤ አራት ማዕዘን፣ በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ሌላ ትንሽ አራት ማዕዘን። 回። ከላይ እስከ ታች ይኸው ነው።

ጥጤ ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች። እሷ ይህን ነገር ታውቀዋለች! ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ነገር ነው። ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ትራስ! ውጭ ያለው ዘርፉ፣ ውስጥ ያለው ሆዱ።

«ትራስ ሥላልኛለች!» ብላ ወጣች። «ኑ እዩልኝ! አያቷ ትራስ ሰፊ እንደሆነች ነግረዋት፣ አንድ ሙሉ ገጽ ትራስ ሥላልኛለች! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ትራስ ነው!»

ዳቦ ሻጯ አየች፤ ትራስ ነው አለች። ጫማ ሰፊው አየ፤ «ትራስ ነው፤ ያውም ካንቺ ይሻላል፣ ጥጡ አልተቋጠረም» አለ። መንገድ ላይ ሰው እያቆመች አሳየች። ፈራችኝ ያለቻት ልጅ ትራስ ሥላ ከላከችላትማ ፍርሃቱ ለቋት የለ! ጥጤ ያን ቀን መሬት አልበቃት አለ።

ያችን ደስታ ያፈረሰባት ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ የሚሉት ከመንገዱ ማዶ የወለል ሴራሚክ የሚሸጠውን ቻይናዊ ሰውዬ ነው። ከሰፈሩ ጋር ብዙ ዓመት ኖሯል፣ ቋንቋችንን ይናገራል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም፣ ለሁሉም «አንተ» ነው። አንድ ተረት ያውቃል፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን። እሱን በሰላምታም በዋጋ ክርክርም ላይ ያውለዋል። ለወንበሩ መደገፊያ ሊያሠራ ሲመጣ ጥጤ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደገነችበት።

«ተመልከት! የልጅ ልጄ የሠራችው ትራስ!»

ሴራሚክ አየ። ደግሞ አየ። «እማማ» አለ በትሕትና፣ «ይሄ ትራስ የለም። ይሄ ፊደል ነው። ሁዌይ። የቤት ሥራ ነው።»

«ምን?»

«ሁዌይ። ሰው ሄደ፣ ከዚያ መጣ። መመለስ ማለት ነው። አንደኛ ክፍል ይሄን ይማራል።»

ወይ ጉድ! ጫማ ሰፊው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ ሳቁ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። «የቤት ሥራውን ይዛ ሰፈር ዞረች!» እያለ በሳቅ ታጥፎ ግምባሩ ጫማውን ሊነካ ደረሰ። ጥጤ ፊቷ ቀላ። ያን ሁሉ ሰው አቁማ፣ ያን ሁሉ እልል ብላ! ልጅቷ ለካ ስለ እሷ አላሰበችም፤ አስተማሪዋ ያዘዘቻትን ነው የጻፈችው። አለቀሰች ማለት ይቻላል፤ ጥጥ ገባብኝ ብላ ዓይኗን አሸች።

ሴራሚክ አሳዘነችው መሰል፣ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ በእጁ በያዛት የናሙና ሴራሚክ ላይ እየጻፈ «ተመልከት እማማ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለ። መጀመሪያ ከግራ በኩል ወደ ታች አንድ መስመር። ቀጥሎ ከላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄዶ፣ ሳይነሣ ታጥፎ ወደ ታች። ከሥር ክፍት ሆኖ ቀረ።

«አልዘጋኸውም» አለች ጥጤ።

«አሁን አይዘጋም። መጀመሪያ ውስጡ።» ትንሿን አራት ማዕዘን ውስጡ ሠራ። በመጨረሻ የውጪውን ከሥር ዘጋው። «መጀመሪያ ቤት ይሠራል፣ ሰው ይገባል፣ ከዚያ በር ይዘጋል። እኛ ልጅ እንዲህ እናስተምራለን።»

ጥጤ ጭኗን መታች። «የምን ቤት ነው የምታወራው? ይሄማ ትራስ ነው! ጎን ጎኑን ትሰፋለህ፣ አንዱን ክፍት ትተዋለህ፣ ትሞላዋለህ፣ ትዘጋዋለህ! ዘግቶ የሚሞላ ማን አለ? አንተ ሰውዬ፣ ይሄን እኔ አውቀዋለሁ!»

«አንተ በጣም ጎበዝ ነህ እማማ» አለ ሴራሚክ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ወደ ሱቁ ተሻገረ።

ጥጤ መደገፊያውን ረሳችው። እፍረቷንም ረሳችው። ያ በሰው እጅ ስታየው የኖረችው ነገር፣ ያ መጻፍ የሚሉት፣ ትራስ ከሆነማ ምን ይከብዳታል? ልጅቷ የምትማረውን እሷም ከተማረች፣ ሲገናኙ የሚያገናኛቸው ነገር ኖረ ማለት ነው! በቃል መነጋገር አይችሉም፤ ቋንቋቸው ሌላ ነው። መሳም የለም፤ መሳሙ ነው ጉድ የሠራው። ይቺን ግን አብረው መጻፍ ይችላሉ። ልቧ እንደ ልጅ ዘለለ።

ጨርቅ ስትቆርጥ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ አነሣችና በጥቁር የፍራሽ ጨርቅ ላይ ሞከረች። አቤት አቤት! ፍራሽ ብቻውን የሚገለብጥ እጅ ጠመኔ መያዝ አቃተው። የግራው ግድግዳ ነፋስ እንደ መታው አጥር ጋደለ። ውስጠኛው ከውጪው ጋር ተጣበቀ። «ጥጡ በዝቷል» አለች ለራሷ፤ በእጇ አብሳ እንደገና ጻፈች። አሁን ደግሞ ውስጠኛው አነሰ። «ይሄን ባስረክብ ጥጥ ሰረቀች ይሉኛል።» አብሳ እንደገና።

ጫማ ሰፊው በበሩ ብቅ አለ። «ምነው አንቺ፣ የራስሽን ሀ ሁ ሳትቆጥሪ የቻይናን? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሂድልኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባልስ አንተ አልሰማህም? ይዣለሁ፣ አልለቅም!»

አልለቀቀችም። እጇ ሥራ በፈታ ቁጥር ትጽፋለች። የአውቶቡስ መስኮት ላይ በእስትንፋሷ፣ አቧራ የጠጣ መኪና ጀርባ ላይ በጣቷ፣ የምትጽፍበት ሲጠፋ መዳፏ ላይ በጥፍሯ። መኪናው የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቀስ እያለ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተቃና፣ ሆዱ መሀል ላይ ገባ። አንድ ጠዋት የጻፈችውን ከልጅቷ ደብተር ጋር ስታስተያየው ልዩነት አጣችበት። ቆማ አየችው። ቁጭ ብላም አየችው። ደስ አላት፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስታ የተሰማት የመጀመሪያ ትራሷን ከሸጠች ወዲህ አልነበረም።

የተማሩት ነገር ካልሠራ ምን ይረባል? ጥጤ ክር ልትገዛ ስትወጣ ሱቋን ቆለፈችና፣ በሩ ላይ ያቺን ፊደል በጠመኔ በትልቁ ጻፈች። መመለስ ማለት አይደል? እመለሳለሁ ማለት ነው። ክሯን ገዝታ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ሴራሚክ እጁን አውለበለበላት።

«ሁዌይ! እማማ፣ ተመለስክ? አንድ ሰውዬ ትራስ ፈልጎ መጣ። እኔ በሩን አየሁ፣ እማማ ይመለሳል አልኩት። እዚያ ተቀምጧል!»

ጥጤ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። መኪና ጥሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችም። እሷ የጻፈችውን ሰው አነበበ! እሷ ሳትኖር በሩ ስለ እሷ ተናገረ! ሰው ሁሉ የሚጽፈው ለካ ለዚህ ነው!

«አነበበኝ!» ብላ ጮኸች። «ሴራሚክ አነበበኝ እኮ!»

ጫማ ሰፊው ያን ቀን አልቀለደም። ቀስ ብሎ መጣና «እስቲ አሳዪኝ» አላት፤ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዛመተ። ዳቦ ሻጯ ዳቦ ሲያልቅባት ሣጥኗ ላይ ትጽፈዋለች፤ ዳቦው ተመልሶ ይመጣል ለማለት ነው። ጫማ ሰፊውማ በሩ ላይ ጽፎ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ዋለ። አንድ ደንበኛው ይመለሳል ብሎ በአንድ እግር ጫማ ደጃፉ ላይ ሲጠብቅ ዋለና በማግስቱ ሊደበድበው መጣ።

«እመለሳለሁ ብለህ አልጻፍክም?»

«እመለሳለሁ ብያለሁ፤ ይኸው ተመለስኩ። መቼ ብዬ ጽፌያለሁ?»

ጥጤ የጻፈችውን ፎቶ አንስታ ለልጇ ላከችለት። ወዲያው ደወለ።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ!»

«ኧረ ባክሽ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ! እናትህ! በገዛ እጄ!»

ልጇ «ለልጄ አሳይቻት ልምጣ» ብሎ ሄደ። ጥጤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ወዲያ ማዶ የልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ልጇም እየሳቀ ተመለሰ።

«ምን አለች? ንገረኛ!»

«ብዙ አየችውና 'አያቴ ስንተኛ ክፍል ናት?' አለችኝ።»

ጥጤ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አንደኛ! አንደኛ ክፍል ናት በላት! እንደ አንቺ አንደኛ ክፍል ናት በላት!» ስልኩ ከጩኸቷ የተነሣ ድምፁ ተቆራረጠ።

መምጫቸው ሲደርስ ልጇ አስጠነቀቃት። «እማዬ፣ በእናትሽ፣ አትጩኺ። ዘለሽ አትሳሚያት። ራሷ ትምጣ፣ ተያት።» ለጥጤ ይሄ አትተንፍሺ የማለት ያህል ነው። ግን እሺ አለች።

መጡ። ልጇ ወፍሯል፤ ምራቷ ፈገግታዋ የሚያምር ቀጭን ሴት ናት፤ ከምራቷ ጀርባ ሁለት ቀጫጭን እግሮችና አንድ ቦርሳ ይታያሉ። ጥጤ ልጇን አቀፈች፣ ምራቷን አቀፈች፣ ከዚያ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ያዘቻቸው፤ ብትለቃቸው ልጅቷን አፈፍ ያደርጓታል። «ደህና መጣሽ» አለቻት በሹክሹክታ። ጫማ ሰፊው ከበሩ ላይ ሆኖ «አመመሽ እንዴ?» አላት፤ እንዲህ ዝግ ብላ ስትናገር ሰምቷት አያውቅማ። ልጅቷ በአንድ ዓይኗ ብቅ ብላ የወርቁን ጥርስ አየችና ተመልሳ ተደበቀች። ያን ቀን ሙሉ ከእናቷ ቀሚስ አልተላቀቀችም። ጥጤ ያፈላችውን ሻይ አልጠጣችም፣ የሰፋችላትን ትንሽዬ ትራስ አልነካችም።

በማግስቱ ሱቋን ሊያዩ መጡ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች፤ ጥጡ አስነጠሳት፣ ግን አልገባችም። ጥጤ ወለሉ ላይ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋች፣ ቁጭ አለች፣ ጠመኔዋን አነሣች። ወደ ልጅቷ ዞር አላለችም። እንዳልሰማ፣ እንዳላየ ሰው ሆና ጀመረች። አሁን ካልሆነ መቼ?

የግራውን አወረደች። ጣሪያውን ወስዳ የቀኙን አወረደች። ከበሩ በኩል የትንሽ ጫማ ኮሽታ ተሰማ። የውስጠኛዋን ግራ፣ የውስጠኛዋን ጣሪያና ቀኝ። የውስጠኛዋን ሥር ዘጋች። ከኋላዋ «ኣ» የሚል ትንሽ ድምፅ መጣ። ጥጤ አልዞረችም። የውጪውን ልትዘጋ ጠመኔውን አሳረፈችና ሳበችው።

ልጅቷ ጮኸች!

ሁሉም ደነገጠ። ጫማ ሰፊው ከሱቁ ዘሎ ወጣ። ጥጤ ጠመኔዋን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። አበቃልኝ፣ ደግሞ አስፈራኋት፣ ምን አድርጌ ይሆን አለች በሆዷ። ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አንዲት ትንሽ እጅ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

ዓይኗን ስትገልጥ ልጅቷ ጨርቁ ላይ ተንበርክካለች። በሌላው እጇ የመጨረሻውን መስመር እያበሰች፣ ቅንድቧን ቋጥራ፣ አንድ ቃል ደጋግማ ትናገራለች። ጥጤ ልጇን አየችው። ልጇ ሳቁ አላናግር ብሎታል።

«ምን ትላለች? ንገረኝ እንጂ!»

«ተሳስተሻል እያለችሽ ነው፣ እማዬ። ከቀኝ ወደ ግራ ዘጋሽው። ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሳበው።»

መርፌ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል። በቀኝ እጅ የሚሰፋ ሰው ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። የጥጤ እጅ ዕድሜውን ሙሉ ትራስ ሲዘጋ የኖረው እንደዚያ ነው፤ ፊደሉንም እንደ ትራስ ዘጋው። ሴራሚክ ያየው ያለቀውን ነው፣ ልጇም ያየው ፎቶውን ነው፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ መስመሩ ከየት እንደተነሣ ማን ያውቃል? እጇን ቆሞ ያየ ሰው አልነበረም። አሁን አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ አየችው፤ ያውም ትዕግሥት የሌላት።

«ካለቀ በኋላ አንድ አይደለም እንዴ?» አለች ጥጤ።

ልጇ ተረጎመ። ልጅቷ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። አንድ አይደለም! እንዲህ ዓይነት ስንፍና እሷ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም! ከዚያም ያለ ምንም ጥያቄ ዞራ የአያቷ ጭን ላይ ተቀመጠች፤ እንዲያ ካልሆነ እጇን በደንብ መያዝ አትችልማ። ጀርባዋን ለአያቷ ደረት ሰጥታ፣ የዚያችን ሰፊ እጅ ጣቶች በጠመኔው ላይ አስተካክላ፣ ጀመሩ።

ጥጤ መተንፈስ ፈራች። የልጅቷ ፀጉር አገጯን ይኮረኩራታል፤ ሽታው የሳሙናና የእንቅልፍ ነው። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

በመጀመሪያው ሙከራ እጇ በለመደው ሄደባት፤ ልጅቷ ተቆጣች፣ አበሰችው፣ እንደገና አሉ። በሁለተኛው ጥጤ ገባት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በቃ ይኸው ነው። አሁን ብቻዋንም ትችለዋለች። ልጅቷ ግን «በይ አሁን ብቻሽን» የምትል መሰለች፤ እጇን ላላ አድርጋ ልትነሣ ከጭኗ ተንቀሳቀሰች።

ጥጤ ጠመኔውን አሳረፈችና ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጥ አድርጋ ሳበችው።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። የታከተው አስተማሪ እንደሚተነፍስ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ የአያቷን እጅ አንጓ ከቅድሙ ይልቅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ለአባቷ አንድ ነገር ነገረችው።

«እስክትችይ ድረስ አልነሣም እያለች ነው፣ እማዬ።»

ጥጤ ሣቋንም እንባዋንም ዋጥ አደረገቻቸው።

«እሺ በላት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኔ ቶሎ አይገባኝም በላት።»